የእናቴ ጋቢና

በሚኒባሳችን ጋቢና እናቴ ካለች ሌላ ሰው አይቀመጥም ነበር። ባሌ ከኩልመስክ ገበያ ሲመለስ መኪናው ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ እንኳ፣ እሷ መንገድ ዳር ቆማ ካያት ፍሬን ይይዛል። ጋቢና ያለውን ተሳፋሪ ይቅርታ ጠይቆ ወደ ኋላ ያሳልፈዋል። ከኋላ ስትቀመጥ ያጥወለውላታል። ከፊት ስትሆን ግን ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ስባ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አጣምራ፣ መኪናውን እሷ የምትነዳው ይመስል መንገዱን እያየች ትሄዳለች። እሷ በሌለች ቀን ወንበሩ የእኔ ነው።

እናቴና ባሌ አንቱ ይባባሉ ነበር። አማትና አማች በእኛ አገር እንዲያ ነው። እኔን አንቱ ያለኝ ሰው የለም፤ አልጠበቅሁም።

ይህን የምጽፈው ሰው በሌላ መንገድ ስለሚያወራው ነው። ኩልመስክ ላይ ባሌን ዛሬም «አማቱን የሰበረው ሹፌር» ይሉታል። ሰብሯታል፤ አልክድም። ከዚያ በፊት የሆነውን ግን እኔ አውቃለሁ፣ ታላቅ ወንድሜም ያውቃል። እሱ አይናገረውም።

ወንድሜን ፊት ለፊት «አያ» እለዋለሁ፣ አንቱም እለዋለሁ። አባታችን ሲሞት የቤቱ አባወራ እሱ ሆነ፤ ልማዱን አላፈርስም። እዚህ ግን የምጽፈው እኔ ነኝ።

ነገሩ የሆነው በአባቴ ሙት ዓመት ተዝካር ዕለት ነው። ድግሱ ከኩልመስክ ማዶ በትውልድ ቤታችን ነበር። ከተዝካሩ በኋላ እናቴ ላሊበላ እኔ ዘንድ ልትከርም ተነጋግረን ነበር። ይህ ለወንድሜ ውርደት ሆነበት። ወንድ ልጅ እያላት፣ ያውም በኩር፣ እናት ሴት ልጇ ቤት፣ ያውም ሹፌር ቤት ልትከርም ነው። አንድም ቃል አልተናገረም፤ እሱ ሲከፋው አይናገርም፤ ያስተናግዳል።

የላስታን ተዝካር የሚያውቅ ሥርዓቱን ያውቀዋል። ካህናቱ ጸልየው፣ ባርከው፣ በልተው ሳይነሱ ለሌላው ሰው እንጀራ አይቀርብም። ጠላው ግን እንጀራውን አይጠብቅም፤ ከጠዋት ጀምሮ ዳሱን ሲዞር ይውላል። ባሌ ጎህ ሳይቀድ ጀምሮ የተዝካሩን እንግዳ ሲያመላልስ ነበር። ቅዳሴ አስቀድሶ፣ እህል ሳይቀምስ ነው ዳስ የገባው። አማች ደግሞ በሚስቱ ወገን ቤት ሙሉ ሰው አይደለም። የሰጡትን ተነስቶ በሁለት እጁ ይቀበላል። «ራበኝ» አይልም፤ «በቃኝ» ለማለትም ያፍራል። ያቺን እፍረት ወንድሜ ጠንቅቆ ያውቃታል፤ እሱም የሰው አማች ነው።

ሌሎች አሳላፊዎች ነበሩ። እሱ ግን ባሌ ዘንድ ጆጉን ራሱ ይዞ ሄደ።

«ለሽማግሌው ነፍስ ነው፤ የሟች ጽዋ አይመለስም» አለው።

ባሌ ጠጣ። ተሞላለት፤ ጠጣ። ከጠላው በኋላ አረቄ መጣ። እኔ ከጓዳ በኩል ሳይ ነበር። ሦስተኛውን ወይ አራተኛውን ሲቀዳለት አላስቻለኝም፤ እስከ ዳሱ አፍ ወጣሁና «አያ፣ ይህ ሰው መንገድ አለበት» አልኩት።

ወንድሜ ወደ እኔ ዞር አላለም። ዳሱ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ «መኪናው ነው እንጂ የሚሄደው፣ እሱ ምን ይሄዳል?» አለ።

ዳሱ ሙሉ ሳቀ። ባሌም አብሮ ሳቀ። እኔ ወደ ጓዳ ተመለስኩ።

የድግሱን ዕቃ አጥቤ በማግስቱ ልከተላቸው ስለነበር አብሬያቸው አልሄድኩም። እናቴ ጋቢና ወጣች፤ ከኋላ ጥቂት እንግዶች ተሳፈሩ። ከኩልመስክ ወጣ ብሎ ያለችው ኩርባ ላይ መሪው ከእጁ አመለጠ። ፍሬን ያዘ፤ ዘግይቷል። መኪናው በጋቢናው በኩል ቦይ ውስጥ ተጋደመ። ከኋላ የነበሩት ተጫጫሩ እንጂ ክፉ አላገኛቸውም። የእናቴ ዳሌ ተሰበረ። ከመኪናው ሲያወጧት መጀመሪያ የተናገረችው ለእሱ ነው አሉ፤ «እርስዎ ደህና ነዎት?»

ትራፊኮቹ መጥተው የትንፋሽ መሣሪያ አፉ ላይ ደቅነው አስነፉት። መሣሪያው እስኪናገር አልጠበቀም፤ «ጠጥቻለሁ» አላቸው። ማን እንደቀዳለት የጠየቀው የለም። ሕጉም አይጠይቅም። ፍርድ ቤት ቀርቦ ተፈረደበት፤ መንጃ ፈቃዱም ታገደ።

ሚኒባሱን አስጠግነን ግቢያችን ውስጥ አቆምነው። ጎማው መሬት ላይ እንዳይበሰብስ በድንጋይ ከፍ አደረገው። ዶሮ ከወንበሩ ሥር ገብታ መታቀፍ ጀመረች። እሱ ግን በየሳምንቱ ያጥበዋል፤ የትም ያልሄደ መኪና፣ አቧራ ያልነካው መኪና።

ድሮ እንግዳ ሲበዛ ፈረንጆችን ወደ አሸተን ማርያም ግርጌ ያመላልስ ነበር። እንግዳው ሲጠፋ የኩልመስክን መስመር ያዘ። ከመሪ ሌላ ሥራ አያውቅም። እኔ ገበያ ሽንኩርትና በርበሬ እየቸረቸርኩ ቤቱን ያዝኩ፤ እሱ አህያ እየነዳ በብልባላ በኩል እህል ያመላልስ ጀመር። በመናኸሪያው ሲያልፍ የቀድሞ ባልደረቦቹ ይጠሩታል።

«ሹፌር! አህያዋ ፍሬን አላት?»

«አላት» ይላቸዋል። «ጠላም አትጠጣም።»

እነሱ ይስቃሉ። እሱ አህያዋን እያየ ያልፋል።

አንድ ቀን በሌላ ሰው ሚኒባስ አብረን ተሳፍረን ስንሄድ እግሩን አየሁት። ኩርባ በመጣ ቁጥር ቀኝ እግሩ የወንበሩን ሥር ይረግጣል። ፍሬን እየያዘ ነው። ፊቴን ወደ መስኮት አዞርኩ።

እናቴ ሆስፒታል ከርማ ስትወጣ ወደ እኔ ቤት ነው የመጣችው፤ ወደ ወንድሜ ቤት አይደለም። በምርኩዝ ከመደቧ እስከ ደጃፉ፣ ኋላም እስከ ሚኒባሱ ድረስ መራመድ ጀመረች። እሱ መኪናውን ሲያጥብ እሷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። አንዱን ቀን እንዲህ ስትለው ሰማሁ።

«ፈቃድዎን የመለሱልዎ ለት ጋቢናው ላይ ያውጡኝ። በገበያ ቀን ይሁን። በኩልመስክ መሃል ቀስ ብለው ያሳልፉኝ። መስኮቱንም ዝቅ ያድርጉልኝ።»

እሱ ጨርቁን ከባልዲው አውጥቶ ጨመቀው። «ከእኔ ጋር ተቀምጠው ሲያዩዎት ምን ይላሉ?»

«ሰው ያየውን ነው የሚያወራ፤ አሁን ደግሞ ሌላ ይይ» አለችው።

ከዚያ ወዲያ በቤታችን መንጃ ፈቃድ ማለት ይህ ነበር። እንጀራችን መሆኑን ሦስታችንም እናውቃለን፤ ግን ስለ እንጀራ ያወራ የለም። የምናወራው ስለዚያ ገበያ ቀን ነው። የትኛውን ቀሚስ እንደምትለብስ ነግራኛለች። እኔም አጥቤ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩላት።

የእገዳው ጊዜ ሲያልቅ ባሌ ወደ ትራንስፖርት ቢሮ ሄደ። ሥልጠና እንደገና መውሰድ፣ ሐኪም ፊት መቅረብና መፈተን እንዳለበት ነገሩት። ከዚያ በፊት ግን ከተጎዳችው ወገን ጋር ነገሩ አልቆ እንደሆነ ጠየቁት። አላለቀም ነበር።

እናቴ ገና ሆስፒታል አልጋ ላይ ሳለች «ምሬያቸዋለሁ» ብላ ነበር። የሴት ይቅርታ ግን ሽማግሌ ካልተቀመጠበት እንደ ወሬ ነው የሚቆጠረው። ሽማግሌ የሚቀመጠው ደግሞ የወገኑ ታላቅ እሺ ሲል ነው። የወገኑ ታላቅ ጠላውን የቀዳው ወንድሜ ነው።

ሽማግሌ ላክንበት። አጨዳ ላይ ነኝ አለ። አጨዳው አለቀ፤ ጾም ነው፣ በጾም ሸንጎ አልቀመጥም አለ። ጾሙ ተፈታ፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ታመዋል፣ ያለ እሳቸው አይሆንም አለ። ሽማግሌው ዳኑ፣ እንዲያውም ላሊበላ ድረስ መጥተው እናቴን ጠየቋት፤ እሱ ያኔም ሌላ ምክንያት አላጣም። እናቴ በዚያ መሃል እየቀለለች ትሄድ ነበር። ከመደቡ ሳነሳት በየጊዜው ክብደቷ ሲቀንስ ክንዴ ያውቀዋል። ወንድሜ አንድ ቀን መጥቶ ቢያነሳት እሱም ያውቀው ነበር።

በመጨረሻ ካህናቱ ገብተውበት እርቁ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ከጽዱ ዛፍ ሥር ሆነ። እናቴን በሰው መኪና ወሰድናት። ባሌ እንደ ወጉ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ወንድሜ ፊት ቆመና «ማሩኝ» አለ። ታላቁ ሰው ያኔ «ለእግዚአብሔር ብያለሁ» ብሎ ድንጋዩን ማስወረድ አለበት፤ ሥርዓቱ ይኸው ነው። ወንድሜ ጭራውን እያወናጨፈ ዝንብ አባረረ። ባሌ «ማሩኝ» አለ ደግሞ። ወንድሜ ዝም። ድንጋዩ ከማጅራቱ ሲንሸራተት ባሌ በእጁ መልሶ ሲደግፈው ከሴቶቹ መሃል ሆኜ አየሁ። አንድ ቄስ «ይበሉ እንጂ፣ ሰውየው ደከመ» አሉ። ወንድሜ ዝንቡን ማባረሩን ቀጠለ።

እናቴ ምርኩዟን ይዛ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ተናገረች።

«ድንጋዩን አውርዱላቸው። የተሰበርኩት እኔ ነኝ፣ የምምረውም እኔ ነኝ። ድንጋይ እናሸክም ካላችሁ፣ የቀዳም እጅ አለ።»

ከጽዱ ሥር ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። ወንድሜ አጠገቡ ወዳለው ሰው ጎንበስ ብሎ «ምን አለች?» አለው፣ እንዳልሰማ። ቄሱ ራሳቸው ተነስተው ድንጋዩን ከባሌ ማጅራት አወረዱት፤ ተመረቀ፤ ተበተንን። ወንድሜ «ለእግዚአብሔር ብያለሁ» ማለቱን እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ክረምት ሲገባ ባሌ ወልድያ ለሥልጠና ገባ። አብረውት የሚማሩት ልጆቹ የሚሆኑ ወጣቶች ነበሩ። መምህሩ በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱን ለምን እንደመጣ ሲጠይቅ ተራው ደረሰው። «አባባ፣ እርስዎስ ምን አጥፍተው ነው?» አለው። ባሌ ተነስቶ «አማቴን ሰበርኩ» አለ። መምህሩ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ። ይህን የነገረኝ በስልክ ነው። «ለምን እንዲያ አልክ?» ብለው «ጠየቀኛ» አለኝ።

እናቴ በየቀኑ «ስንት ቀረው?» ትለኛለች። «ቀርቧል» እላታለሁ። ፈተናው በደረሰበት ሳምንት ማታ ማታ ውሃ ብቻ ትቀምስ ጀመር። አንድ ጠዋት «ቀሚሱን ከሳጥኑ አውጪው» አለችኝ። አወጣሁት። በእጇ ዳበሰችው፤ መልሳ ሰጠችኝ። በዚያው ቀን አረፈች።

ወንድሜ ሬሳዋን ወደ አገሯ አስወሰደ፤ መብቱ ነው። ባሌ ፈተናውን ጥሎ ከወልድያ ተነሳ። መንገዱን ናዳ ዘግቶት ነበር፤ ጭቃውን በእግሩ ተሻግሮ ከወዲህ ሌላ መኪና እስኪያገኝ ቀብሩ አለፈ። እኔ መቃብሩ ዳር ቆሜ ሳለሁ ወንድሜ ለዘመዶቹ ሲናገር ሰምቼዋለሁ።

«የሰበራት ለመቅበር እንኳ አልበቃ።»

እርቁን ያን ሁሉ ጊዜ ማን እንዳጓተተው በዚያ የቆመ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። ባይጓተት እናቴ ያን ገበያ በጋቢና ታልፈው ነበር። እኔ ዓይኔን ከመቃብሩ አላነሳሁም፤ አፈር እየለበሰች ነበር።

ባሌ ሲደርስ ወደ ለቅሶ ቤቱ አልገባም። በጭቃ እግሩ መቃብሩ ዘንድ ሄዶ ዝናብ ሲመታው ተቀመጠ። ሄጄ አስነሳሁት።

ተመልሶ ከሚቀጥሉት ጋር ተፈተነና አለፈ። ፈቃዱን ይዞ ቤት የገባ ዕለት እኔ ጓዳ ነበርኩ፤ «አገኘሁ» አላለኝም። ከደጅ የአህያዋን ገመድ ሲፈታ ሰማሁት። ስወጣ ካርዱ የእናቴ መደብ ላይ፣ የታጠፈው ጋቢዋ ላይ ተቀምጧል። አነሳሁት። የድሮው ላይ ጎልማሳ ነበር። ይህ ፎቶ ላይ ያለው ሰው ሽማግሌ ነው።

አርባዋ ሲደርስ ጎማዎቹን ከድንጋዩ አወረደ። ዶሮዋን ከነጫጩቶቿ ወደ ጓዳ አዛወርኳት። እኔ ጠላ ጠምቄ ነበር፤ ጋኑን ከኋላ ጫንን፤ ለእናቷ አርባ ባዶ እጇን የምትሄድ ልጅ የለችም። ጋኑ እንዳይወድቅ እኔም ከኋላ ተቀመጥኩና አቅፌ ያዝኩት። ኩልመስክን ያለፍነው ገበያው ሳይቆም በማለዳ ነው፤ ጉም ነበር።

ዳሱ ያው ዳስ ነው። ካህናቱ ይጸልያሉ፤ እንጀራው አልደረሰም፤ ጠላው ይዞራል። ባሌ በአማች ቦታ፣ በዳሱ ጠርዝ ተቀመጠ። ወንድሜ ጆግና ዋንጫ ይዞ ሲነሳ አየሁት። ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ማየት አላስፈለገኝም።

«ለአማትህ ነፍስ ነው፤ የሟች ጽዋ አይመለስም» አለው።

ባሌ እንደ ልማዱ ተነሳ። ሁለት እጁንም ዘረጋ። እጆቹ አየር ላይ ቆሙ፤ አይቀበሉም፣ አይመለሱም። ሰው ሁሉ አየው። «አልጠጣም» ቢል ቂመኛ ሊባል ነው፤ ቢጠጣ ምን ሊባል እንደሆነ የታወቀ ነው።

ከሴቶቹ መሃል ወጥቼ በመካከላቸው ቆምኩ።

«አያ፣ ያምጡት።»

«ላንቺ አልቀዳሁም።»

«ለእናቴ ነፍስ ከሆነ ልጇ እኔ ነኝ።»

ዋንጫውን ከእጁ ወሰድኩና ቆሜ ጠጣሁት። የራሴ ጠመቃ ነው፤ ጌሾው እንደበዛበት ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ባዶውን ዋንጫ መልሼ ዘረጋሁለት።

«ይድገሙልኝ» አልኩት። «መኪናው ነው እንጂ የሚሄደው፣ እኔ ምን እሄዳለሁ?»

በዚህ ጊዜ ዳሱ አልሳቀም። ወንድሜ ጆጉን አጠገቡ ለነበረው አሳላፊ ሰጥቶ ወደ ካህናቱ ሄደ። ባሌ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም።

ድግሱ ሲያበቃ ወደ ላሊበላ የሚመለስ ሰው ብዙ ነበር። ባሌ በሩን ከፍቶ ቆመ። አንዷ የረሳችው ዕቃ ትዝ አላት፤ አንዱ ኩልመስክ የሚያገኘው ሰው አለ፤ ሌሎቹ ዝናቡ እስኪያባራ እንቆያለን አሉ። ዝናቡ ግን ገና መጀመሩ ነበር። ጥቂት ከጠበቀ በኋላ በሩን ዘጋ።

መሪውን ይዞ በስፖኪዮው አየኝ።

«ጋኑ ባዶ ነው። ወደ ፊት ነይ።»

«ይሰበራል» አልኩት።

ሞተሩን አስነሳ።

ኩልመስክ ስንደርስ ገበያው ሞልቷል፤ ሰው በጃንጥላና በላስቲክ ሥር ተጠግቶ ይገበያያል። ባሌ ማርሽ ቀነሰ። ጎንበስ ብሎ፣ ክንዱን በባዶው ወንበር ላይ ዘርግቶ የጋቢናውን መስኮት ዝቅ አደረገው። በሰው መሃል በእግረኛ እርምጃ ቀስ ብሎ ነዳ። ሰው ዞሮ አየ። ለእናቴ ጨው ትሸጥላት የነበረች ሴት መኪናውን ስታውቀው ለሰላምታ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች፤ ወንበሩን አይታ ተመልሳ ተቀመጠች።

ከገበያው ወጥተን ኩርባዋን አለፍን። መስኮቱን አልዘጋውም። ዝናቡ እየገባ የእናቴን ወንበር እስከ ላሊበላ አራሰው። እኔ ጋኑን አቅፌ ከኋላ ነበርኩ።